መጀመሪያ ዓሣውን እወቁት፤ ስለ ብሉፊን ቱና አጠማመድ

(በሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ።

ገና በሩ ላይ ሳለሁ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። «የትኛውን ማጥመጃ ልግዛ?» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልስም አለው። ግን ትንሽ አቆየዋለሁ። የሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ኦሽን ሲቲ ያሉት የዓሣ መሣሪያ ሱቆች ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች በቀለማት የተሞላ ነው፤ እዚያ ገብቶ ገንዘብ መጨረስ ቀላል ነው። ሰው ደሞዙን እዚያ ጥሎ ባሕር ላይ ሲወጣ ግን ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚጎትት፣ ዓሣው ሲይዝለት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ይህ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ነገሩ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን የተጀመረው ከተሳሳተ ጫፍ ስለሆነ ነው።

የኔ ሐሳብ አንድ ነው። ማጥመጃን ከጀልባ ኋላ እየጎተቱ ቱና የመያዝ ሥራ፣ ፈረንጆቹ ትሮሊንግ የሚሉት፣ ሕጉ ሁሉ የሚወጣው ከዓሣው ገላ ነው። ለምን በዚያ ፍጥነት እንደምንሄድ፣ ለምን አረፋ ውስጥ እንደምንጎትት፣ ለምን ከባድ መሣሪያ እንደምንይዝ፣ ለምን በረዶ ጭነን እንደምንወጣ፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ዓሣውን ካወቃችሁት ግማሹን ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ስለዚህ ከዓሣው ልጀምር። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹንም እዚህ እንደለመድነው ሜይ፣ ጁን እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ብሉፊን ሦስት ዓይነት አለው፤ የአትላንቲክ፣ የፓስፊክ እና የደቡብ። እኛ ከሜሪላንድ ወጥተን የምናገኘው የአትላንቲኩን ነው። ከሦስቱ ትልቁም እሱ ነው። በዘንግና በክር ተይዞ የዓለም ሪከርድ የሆነው ዓሣ በ1979 ካናዳ ውስጥ፣ ኖቫ ስኮሺያ ላይ ነው የወጣው። የያዘው ኬን ፍሬዘር ይባላል። ክብደቱ 1,496 ፓውንድ፣ ማለትም 679 ኪሎ ነበር። ለበዓል የሚታረድ ድልብ ሰንጋ እንኳ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። በእርግጥ በበጋ ከኦሽን ሲቲ ወጥተን የምናገኛቸው እንዲህ አይገዝፉም፤ አብዛኞቹ ገና በማደግ ላይ ያሉ ናቸው። ቢሆንም አንድ 60 ፓውንድ የሚመዝን ወጣት ብሉፊን ከዚህ በፊት ሐይቅ ላይ ብቻ ያጠመደን ሰው ክንዱን ያዝለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዓሣ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ውሃው ሲቀዘቅዝ አብሮ የሚቀዘቅዘውን ነው። የሐዋሳው ቆሮሶ እንዲያ ነው፤ የጣናው አምባዛም እንዲያው። ብሉፊን ግን እንዲያ አይደለም። ጡንቻው ሲሠራ የሚፈጥረውን ሙቀት አያባክንም። ከጡንቻው የሚመለሰው ሞቃት ደምና ከመተንፈሻው፣ ከስንጥቡ የሚመጣው ቀዝቃዛ ደም እጅግ ቀጫጭን በሆኑ የደም ሥሮች ውስጥ ጎን ለጎን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይተላለፋሉ። ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገርና ወደ ውጭ ሳይወጣ ገላው ውስጥ ይቀራል። ከ1996 ጀምሮ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ባርባራ ብሎክና ባልደረቦቻቸው ሰሜን ካሮላይና ላይ ብሉፊኖችን እየያዙ፣ መመዝገቢያ መሣሪያ እያስገቡባቸው መልሰው ለቀቋቸው። የተገኘው መረጃ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ውሃው ከ3 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለዋወጥ የዓሣው ገላ 25 አካባቢ ነበር። ከ1,000 ሜትር በታች ጠልቀው የወረዱ ነበሩ። ካሮላይና ላይ ከተለቀቁት መካከል ውቅያኖሱን አቋርጠው ሜዲትራኒያን የገቡም ተገኝተዋል።

ይህን ስትሰሙ «ታዲያ ለማጥመድ ምን ይጠቅመኛል?» ትሉ ይሆናል። በጣም ይጠቅማል። ራሱን የሚያሞቅ ገላ ብዙ ምግብ ይፈልጋል። ስለዚህ ቱና ምግብ በሌለበት ውሃ ላይ አይውልም፤ ያልፈዋል። እናንተም ቱና አትፈልጉ፤ ቱና የሚበላውን ፈልጉ። ይህቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ምሽቱ አልባከነም።

ሌላው ነገር፣ ቱና አይቆምም። ቆሮሶ ባለበት ሆኖ ስንጥቡን እየከፈተ እየዘጋ ውሃ ያሳልፋል። ቱና ያን ማድረግ አይችልም፤ አፉን ከፈት አድርጎ ይዋኛል፣ ውሃው በዚያው ያልፋል። ከቆመ ይታፈናል። ቀንም ሌትም፣ ዕድሜውን ሙሉ፣ እስከ 40 ዓመት ሊደርስ በሚችል ዕድሜ፣ ሲዋኝ ነው የሚኖረው። ትናንት እዚህ ነበረ ማለት ዛሬ እዚህ አለ ማለት አይደለም። ሰው ስልኩ ላይ የቦታ ቁጥር ተልኮለት በማግሥቱ እዚያው ሄዶ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ሳይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። መልሕቅ ጥሎ መጠበቅ የሚያዋጣበት ቦታ አለ፤ ኒው ኢንግላንድ ውስጥ ብዙዎች እንዲያ ያደርጋሉ። ሰፊ ውሃ ላይ የት እንዳለ በማይታወቅበት ጊዜ ግን እየጎተቱ መሄድ ይሻላል። ፍለጋውም ማጥመዱም ባንድ ላይ ይሆናል።

ደግሞ በዓይኑ ነው የሚያድነው። ዓይኑ ትልቅ ነው፤ ዓይኑና አንጎሉም እንደ ጡንቻው ይሞቃሉ፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃም ፈጥኖ ያያል። ብዙ ጊዜም በመንጋ ሆኖ ትናንሽ ዓሦችን ከታች ወደ ላይ እየገፋ ያስጨንቃቸዋል። እኛ ከጀልባችን ኋላ የምንጎትተው ነገር ሁሉ ይህን ለማስመሰል የተሠራ ነው።

እሺ፣ ውሃውን እንዴት እናገኘዋለን? ካርታ ክፈቱ። ከኦሽን ሲቲ ወደ ምሥራቅ ስትወጡ የባሕሩ ወለል ለብዙ ማይል ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ከ20 እስከ 40 ማይል ባለው ርቀት ውስጥ ከወለሉ ከፍ ያሉ የአሸዋ ጉብታዎች አሉ። አጥማጆቹ ስም አውጥተውላቸዋል፤ ጃክስፖት፣ ሆት ዶግ፣ ሃምቦን፣ ሌሎችም። ከ50 ማይል በላይ ስትሄዱ ደግሞ ወለሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የአህጉሩ ጠርዝ ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ ትልልቅ የባሕር ውስጥ ሸለቆዎች ተሰንጥቀዋል፤ ፑር ማንስ፣ ባልቲሞር፣ ዋሽንግተን፣ ኖርፎክ ይባላሉ። የሎውፊንና ቢግአይ የሚባሉት የቱና ዓይነቶች በብዛት የሚፈለጉት እዚያ ነው። ብሉፊን ግን በተለይ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ ድረስ ቅርብ ወዳሉት ጉብታዎች ይመጣል፤ ለኛ ትልቅ ዕድል ነው።

ጉብታው ለምን? የባሕሩ ፍሰት ጉብታውን ሲመታ ውሃው ወደ ላይ ይገፋል፣ ደቃቅ ምግብ ይነሣል፣ ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ። በተለይ ሳንድ ኢል የምትባል፣ እንደ እርሳስ የቀጠነች፣ አሸዋ ውስጥ የምትቀበር ዓሣ አለች። ብሉፊን አጥብቆ ይፈልጋታል። ስኩዊድ የሚባለውን ባለ ብዙ ክንድ ለስላሳ የባሕር እንስሳ፣ ማኬሬልና ሄሪንግ የሚባሉትን ዓሦችም ይበላል። የጥልቀት መለኪያችሁ ስክሪን ላይ ከወለሉ ተጣብቆ እንደ ደመና የሚታይ ነገር ካገኛችሁ ቶሎ አትለፉት፤ ዞር ዞር በሉ።

ከወለሉ ቀጥሎ የውሃው ሙቀት ይታያል። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖዋ፣ በሳተላይት የሚነሣ የባሕር ሙቀት ምስል በነፃ ያወጣል። ማታ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ብዙ ሰው «ስንት ዲግሪ ነው ጥሩው?» ይላል። በጸደይ 60ዎቹ ፋራናይት ውስጥ ያለ ውሃ ደህና መነሻ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ለውጡን ፈልጉ፤ በአጭር ርቀት ውስጥ ሁለት ሦስት ዲግሪ የሚቀየርበትን መስመር። ገልፍ ስትሪም ከሚባለው ሞቃት የባሕር ፍሰት ተገንጥሎ የመጣ ውሃ ከዳር ዳሩ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ዓይነት ጠርዝ ይፈጠራል። ባሕሩ ላይ ስትደርሱ በዓይናችሁም ታዩታላችሁ፤ አረንጓዴው ውሃ ያበቃና ሰማያዊው ይጀምራል፣ መሐል ላይ ሣርና አረፋ በመስመር ተሰልፎ ይንሳፈፋል። ጉብታ ላይ እንዲህ ያለ ጠርዝ ካገኛችሁ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም።

ወፎቹንም እዩ። ከፍ ብላ ብቻዋን የምትበር ወፍ ገና እየፈለገች ነው። ዝቅ ብለው እየተሽከረከሩ ውሃውን የሚመቱ ከሆነ አግኝተዋል። ዓሣ ነባሪ ሲመገብ ካያችሁም ቱና በአካባቢው ሊኖር ይችላል፤ የሚበሉት አንድ ዓይነት ነውና። ግን ጀልባችሁን እላያቸው ላይ አትንዱ። ራይት ዌል የሚባለው ዘሩ ሊጠፋ የደረሰ ዓሣ ነባሪ ላይ ከ500 ያርድ በታች መቅረብ በሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን በሩ ላይ ወደጠየቃችሁኝ ደረስን።

ጀልባው ራሱ ማጥመጃ ነው። ፕሮፔለሩ የሚያስነሣው ነጭ አረፋ ትናንሽ ዓሦች ተጨንቀው ውሃውን ሲያናውጡት የሚሆነውን ይመስላል። ብሉፊን ብዙ ጊዜ የሚመታው ሩቅ ላይ ሳይሆን ከጀልባው ጥቂት ሜትር ብቻ ርቆ፣ እዚያው አረፋው ዳር ነው። ስለዚህ ሁለት ማጥመጃ ቅርብ ላይ ይሁን። ከጎንና ከጎን እንደ ክንድ የሚዘረጉት ረጃጅም ዘንጎች፣ አውትሪገር የሚባሉት፣ ሌሎቹን ክሮች ከአረፋው አውጥተው ንጹሕ ውሃ ላይ ያሳልፏቸዋል። አንድ ደግሞ መሐል ላይ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ርቆ ይጎተታል። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት በመንጋ የሚዋኙ ትናንሽ ዓሦችና ከመንጋው ወደ ኋላ የቀረ አንድ መምሰል አለበት። አዳኝ ወደ ኋላ የቀረውን ይወዳል።

ምን ይጎተት? ለጀማሪ የምመክረው ጥቂት ነገር ነው። ሁለት ስፕሬደር ባር፤ ይህ አግድም ዘንግ ላይ ብዙ የፕላስቲክ ስኩዊዶች የተንጠለጠሉበት፣ መንጠቆው ግን መጨረሻ ላይ ባለችው በአንዷ ብቻ ያለበት ነው። አንድ የስኩዊድ ሰንሰለት። ሁለት ሴዳር ፕለግ፤ ጭንቅላቱ እርሳስ፣ ገላው እንጨት የሆነ፣ ምንም ጌጥ የሌለው፣ ከድሮ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ማጥመጃ ነው። ርካሽ ነው፣ ይይዛልም። ቀለም ላይ ብዙ አልጨቃጨቅም። አረንጓዴ ይዛችሁ ውጡ፣ ጥቁር ነገር ጨምሩበት፣ በቃ።

ፍጥነቱ ከ4.5 እስከ 6.5 ኖት ነው፤ በሰዓት ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አታምልኩት። ፍሰቱ ከፊት ሲመጣና ከኋላ ሲገፋ ያው ቁጥር ሌላ ነገር ነው። ማጥመጃውን እዩት። ውሃውን ሰንጥቆ ብቅ ይላል፣ ከኋላው አረፋ እየተፋ ይገባል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። በጎኑ ተንጋዶ እየዘለለ ከሄደ ፈጥናችኋል፤ ወይም ክሩ ተጣሟል። እያንዳንዱን ከመልቀቃችሁ በፊት ጀልባው አጠገብ አድርጋችሁ ሲዋኝ ተመልከቱት። ሣር ከያዘ ምንም ቢሆን አይመታም፤ አውጡና አጽዱ። ሣር ማጽዳት አሰልቺ ነው፤ ቀኑን የሚለየው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ቀጥ ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ስትታጠፉ በውስጠኛው በኩል ያሉት ክሮች ቀስ ብለው ጠለቅ ይላሉ፣ በውጭ በኩል ያሉት ይፈጥናሉ። ስትታጠፉ ከመታ በየትኛው በኩል እንደሆነ ልብ በሉ። የውስጡ ከሆነ ዓሣው ዝግታ ፈልጓል፣ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። የውጭው ከሆነ ጨምሩ። ብዙ ካፒቴኖች ይህን ሳይናገሩት ያደርጉታል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ሊነገረው ይገባል ባይ ነኝ።

ከዚያ ይመታል። ሪሉ፣ ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር፣ ይጮኻል፣ ዘንጉ ይታጠፋል፣ ሰው ሁሉ ይነሣል። ያኔ ሁሉም የሚጮኸው «አቁም! አቁም!» እያለ ነው። አታቁሙ! ቱና በመንጋ ነው የሚሄደው አላልኩም? አንዱ ሲያዝ ሌሎቹ እዚያው ናቸው። ጀልባው በዚያው ፍጥነት ትንሽ ይቀጥል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሊመታ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ባዶዎቹን ክሮች ሰብስቦ ወደ ትግሉ የሚገባው።

የሪሉን ፍሬን የብስ ላይ ሳላችሁ በሚዛን ለኩት። ክሩ ሊሸከመው ከሚችለው ሩብ እስከ ሢሶ ድረስ ይሁን፤ 80 ፓውንድ የሚችል ክር ከሆነ 20 እና 25 ፓውንድ አካባቢ። ባሕር ላይ በስሜት አታጥብቁት። ክር የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ዓሣው ጠንክሮ ሳይሆን ሰው ተጣድፎ ነው።

ባለፈው በጋ የአንድ ጓደኛችን እናት ከኛ ጋር ወጥተው ነበር። እኚህ እናት በሕይወታቸው ዘንግ ይዘው አያውቁም። ዓሣው ሲመታ ልጃቸው «እማዬ፣ አንቺ ያዢው» ብሎ አስቀመጣቸው። አጠገባቸው ቆሜ የነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሲሰጥዎት ይውሰዱ፤ ሲወስድ ይተዉት።» እሺ አሉ። ዓሣው ክሩን እየመዘዘ ሲሮጥ እጃቸውን አንሥተው ጠበቁት። ሲያቆም ጠመዘዙ። ከጀልባው ሥር ደርሶ መዞር ሲጀምር፣ ቱና ሲደክም ሁልጊዜ ክብ ነው የሚዞረው፣ ወደ እሳቸው ሲመጣ ብቻ ጥቂት ጥቂት እየሰበሰቡ፣ ሲርቅ እየጠበቁ፣ ቀስ በቀስ አመጡት። ከኛ ውስጥ ከብዙ ጎረምሶች ባነሰ ጊዜ። ጉልበት ቢሆን ኖሮ ጎረምሶቹ ይበልጡ ነበር። እሳቸው ያዳመጡትን አደረጉ፣ አለቀ።

ከባድ መሣሪያ የምንይዝበት ምክንያትም እዚህ ጋ ነው። ሙቀቱን የሚይዝ ገላ ሲታገል ይብስ ይሞቃል። ቀጭን ክር ይዞ ሰዓታት ማታገል ጀግንነት የሚመስለው አለ። አይደለም። ለመብላት ከሆነ ሥጋው ከውስጥ ይቃጠላል፤ ይገረጣል፣ ይለሰልሳል። ለመልቀቅ ከሆነ ደግሞ የለቀቃችሁት ዓሣ ሄዶ ሊሞት ይችላል። በዚያ ላይ ሻርክ አለ፤ ትግሉ በረዘመ ቁጥር የሚተርፋችሁ ጭንቅላት ብቻ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። ቶሎ አምጡት። የምትለቁት ከሆነ ከውሃው አታውጡት፤ ጀልባው ቀስ እያለ ወደፊት እየሄደ መንጠቆውን ንቀሉለት፣ ውሃው በአፉ እየገባ ትንፋሹ ይመለስ። መቆም የማይችል ዓሣ መሆኑን አትርሱ።

ስለ ቁጥጥሩ መናገር አለብኝ፤ ይህን ክፍል ሰው እንደ ቢሮክራሲ ያየዋል፣ እኔ ግን ከልቤ ነው የምለው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እዚህ አሜሪካ ብሉፊን ዋጋ አልነበረውም፤ ለድመት ምግብ ይሸጥ ነበር። በኦገስት 1972 ከካናዳ በአውሮፕላን የተጫነ ብሉፊን ቶኪዮ ገበያ ላይ ቀርቦ ተሸጠ። የጃፓን ኤሌክትሮኒክስ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚያመጡ አውሮፕላኖች ባዶ እንዳይመለሱ ሲባል የተገኘ ጭነት ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወጣ፣ ዓሣው አለቀ። በ2019 የቶኪዮ አዲስ ዓመት ጨረታ አንድ 278 ኪሎ የፓስፊክ ብሉፊን በ333.6 ሚሊዮን የጃፓን የን ተሸጧል። ያ ለማስታወቂያ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ የዕለት ተዕለቱ ዋጋ አይደለም። ሰው ግን እሱን ሰምቶ አንድ ቱና ብይዝ እከብራለሁ ይላል። በመዝናኛ ፈቃድ የተያዘ ዓሣ መሸጥ ክልክል ነው።

በ2010 ሞናኮ የአትላንቲክ ብሉፊን ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ ዶሃ ላይ በተደረገው ስብሰባ ውድቅ ሆነ። ከንግድ እገዳው ይልቅ ለውጥ ያመጣው ኮታው ነው። የአትላንቲክ ቱናዎችን ጉዳይ የሚመራው፣ ማድሪድ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን፣ አይካት፣ ለምሥራቅ አትላንቲክና ለሜዲትራኒያን የተፈቀደውን መጠን በ2010 ወደ 13,500 ቶን አወረደው። ዓሣው አገገመ። በ2023 ያው ኮታ 40,570 ቶን ደርሷል። በ2021 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአትላንቲክ ብሉፊንን ከአደጋ ዝርዝሩ አውጥቶ አነስተኛ ሥጋት ካለባቸው ውስጥ መደበው። ነገር ግን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚራባው የምዕራቡ ክፍል፣ ማለትም በኛ በኩል ያለው፣ ከ1970ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ የቀነሰ መሆኑን ያው ተቋም ተናግሯል። በዚያ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ብሉፊንን ዒላማ አድርጎ ማጥመድ እስከ ዛሬ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ ለጀልባው ከኖዋ የሚሰጠው ፈቃድ ይኑር። የሚከራይ ጀልባ ከሆነ ፈቃዱ የባለ ጀልባው ነው፤ ቢሆንም ጠይቁ። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሹካ ድረስ፣ የገላውን ቅርጽ ተከትላችሁ በሜትር ለኩት። ከ27 ኢንች በታች የሆነው ወዲያው ይለቀቃል። ከዚያ በላይ ስንት መያዝ እንደሚቻል በዓመቱ ውስጥ ይቀያየራል፤ ኮታው ካለቀም ወቅቱ ሳያልቅ ይዘጋል። በምትወጡበት ዕለት ጠዋት ደንቡን እዩ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ዓሣውን ከጀልባ ከማውረዳችሁ በፊት መመዝገቢያ ጣቢያ ሄዳችሁ ካርድ መሙላትና ምልክት መቀበል አለባችሁ። ደክሟችሁ፣ ጨው ለብሳችሁ፣ ቤት መሄድ እያማራችሁ ነው የሚሆነው። ሙሉት። ኮታው የሚሰላው በዚያ ካርድ ነው፤ ካልተቆጠረ ዓሣ ላይ ትክክለኛ ኮታ ማውጣት አይቻልም።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ዓሣው ጀልባ ላይ እንደወጣ ደሙ ይፍሰስ፤ ከጎን ክንፉ ትንሽ ወደ ኋላ በኩል ጥልቅ ያልሆነ ቁርጥ በሁለቱም ጎን። ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ ይውጣ። ከዚያ በረዶና የባሕር ውሃ ተቀላቅሎ በተዘጋጀ ሣጥን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ። በረዶ ብቻ ላዩ ላይ መነስነስ አይበቃም። ሞቃት ገላ ነው ብያችኋለሁ፤ ውስጡ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ሂስታሚን የሚባል መርዝ ይፈጠራል፤ ፊት ያቀላል፣ ራስ ያሳምማል፣ ልብ ያስደልቃል። ሂስታሚን ደግሞ በመቀቀልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም። ወጥ አድርጌ አበስለዋለሁ ብላችሁ አትመኑ። ከምታስቡት በላይ በረዶ ጫኑ።

በደንብ የተያዘ ከሆነ ግን እኛ ሐበሾች ለዚህ ሥጋ የተፈጠርን ነን። ጥሬ ሥጋ ያውቃል ሰዉ። ቀዩን ክፍል በቢላ ክትፍ አድርጋችሁ፣ ለብ ባለ ንጥር ቅቤ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ለውሱት። ቅቤው እንዳይበዛ፤ ዓሣው ራሱ ስብ አለው። የሆዱን ስብ ክፍል ግን ክትፎ አታድርጉት፤ ሳሳ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ በጨውና በሎሚ ብቻ ብሉት። የተረፈውን ለቃሪያና ሽንኩርት ጥብስ። ብሉፊን ረጅም ዕድሜ ያለው ትልቅ አዳኝ ስለሆነ ሜርኩሪ ያከማቻል፤ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ባይበሉት ይሻላል። ሌላውም ሰው በየቀኑ አይብላው፤ ለጎረቤት አካፍሉ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ ልጨምር።

አንዲት እህት ስለ ማቅለሽለሽ ጠየቀችኝ። መድኃኒቱን ጀልባ ላይ ሆኖ መዋጥ ዘግይቷል፤ ከማታው ጀምሪ፣ ጠዋት ድገሚ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ፋርማሲስት ጠይቂ። ባዶ ሆድ አትውጪ፤ ደረቅ ዳቦ ጥሩ ነው። ጀልባው ውስጥ ገብተሽ ስልክ አትዪ፤ ውጪ ሆነሽ አድማሱን እዪ፣ የናፍጣው ጭስ ከሚመጣበት ጎንም ራቂ።

አንድ ወንድም ደግሞ የራሱን 20 ጫማ ጀልባ ይዞ መውጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ዘንድሮ አትውጣ። መጀመሪያ ከሌሎች ጋር ጀልባ ተከራይታችሁ ውጡ፤ ወጪውን ስትካፈሉት ይቀላል። ለረዳቱ ከኪራዩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቲፕ አስቡ፤ ቀኑን ሙሉ የሚለፋው እሱ ነው። ካፒቴኑ ምን እንደሚያይ ጠይቀው፣ ለምን እዚህ ጋ እንደታጠፈ ጠይቀው። በኦሽን ሲቲ የባሕር መውጫ ላይ፣ ውሃው ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ትናንሽ ጀልባዎችን ይገለብጣል። ከ20 ማይል ወዲያ ስልክ አይሠራም። የራስህን ይዘህ በምትወጣበት ጊዜ የባሕር ሬዲዮ፣ የአደጋ ጥሪ የሚደረግበት ቻናል 16 ክፍት ሆኖ፣ የሳተላይት የአደጋ ጠቋሚ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚንሳፈፍ ጃኬት ይኑርህ፤ የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስም የብስ ላይ ለሚቀር ሰው ንገር። የጁን ወር ቀኖች ቀድመው ስለሚያዙ ኪራዩን በማርች ጨርሱት። የመጡት ሁሉ ስማቸውን እዚያ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ስድስት ስድስት ሰው እያደረግን እንመድባለን።